ቀብዱን የተቀበለ ሁካታውንም ይቀበል

የመስመር ጓደኞቼ፣ በሞያሌ በኩል የምትወጡና የምትገቡ፣ ጅቡቲ ላይ ኮንቴነር የምትጠብቁ፣ ኢስሊ ሱቅ ከፍታችሁ ቤተሰባችሁን በስልክ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ዶላርም ስለ ቀረጥም አልጽፍም። ስለ ቤት ነው። በተለይ ደግሞ ከንግዱ የተረፈንን ገንዘብ ቢሾፍቱ ላይ ቤት አድርገን በቀን ስለምናከራየው ስለኛው ስለራሳችን ነው። ቅር የሚለው ሊኖር ይችላል። ቢሆንም በሐሜት ከሚወራ በግልጽ ቢነገር ይሻላል ብያለሁ።

ነገሩን ሳላዞር ላስቀምጠው። ቢሾፍቱ ላይ ቤቱን ለቅዳሜና እሁድ፣ ለበዓልና ለሠርግ ሰሞን የሚያከራይ ሰው፣ ተከራዩ ሰፈር ላይ ለሚያደርሰው ረብሻ መጠየቅ አለበት። ረባሹ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም፤ እሱም ይጠየቅ። ነገር ግን እሱ እሁድ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ቤቱ ግን የትም አይሄድም፤ የቤቱ ባለቤትም ስሙ በካርታው ላይ ነው።

ከተማዋን የማታውቋት ጥቂቶች ናችሁ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ያወጣ ሁሉ አልፎባታል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆራ አለ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ፣ ጨለለቃ አለ። ድሮ የአየር ኃይል ከተማ ነበረች፤ ጸጥታዋ ለሕመምተኛና ለጡረተኛ የሚመከር ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ከቦሌ ተነስቶ ሐይቅ ዳር ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሪዞርቶቹ በዙ፤ ሪዞርት የተወደደበት ደግሞ የሰው መኖሪያ ቤት በቀን መከራየት ጀመረ። ቪላ ከነግቢው፣ ከነሣሩ፣ ከነጥብስ ምድጃው። ደላላው ፎቶ በቴሌግራም ይለቃል፣ ቀብዱ በቴሌብር ይገባል፣ ቁልፉን ዘበኛው ያስረክባል። ባለቤቱና ተከራዩ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሥራው ያልቃል።

ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሀብቱን ማሠራቱን አልቃወምም። ለእሬቻ ሆራ አርሰዲ የሚመጣውን ሕዝብም ከዚህ ጋር አትቀላቅሉብኝ። ያ ሕዝብ ሣሩንና አበባውን ይዞ ይመጣል፣ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ይመለሳል። የምናገረው ሰፈር መሀል ስላለ የመኖሪያ ቤት፣ ስድስት ሰው ሊያድርበት ተብሎ ሃያ አምስት ሰው ስለሚገባበት፣ ሞንታርቦ ሣሩ ላይ ተተክሎ እስከ ንጋት ስለሚጮህበት ቤት ነው።

እኔ በምኖርበት አካባቢ ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ዐረፉ። ዕድራችን ድንኳን ተከለ፤ ገና ሁለተኛው ቀን ነው። ቅዳሜ ማታ አጠገባቸው ያለው ግቢ በአራት መኪና ሙሉ ሰው ገባ፤ የሠርግ ሚዜዎች ናቸው አሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ጠርሙስ መሰባበር። ከዚህ በኩል ልጆቿ እያለቀሱ ነው፤ ከዚያ በኩል ሆታ። የዕድሩ ዳኛ ሽበታቸውን ይዘው ሄዱና በሩን አንኳኩተው «ልጆቼ፣ ለቅሶ አለብን፤ ለዛሬ ቀነስ አድርጉልን» ብለው ለመኑ። የተሰጣቸው መልስ «እኛ ከፍለን ነው የገባነው» የሚል ነበር። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሁለቱ ተጣልተው አንዱ የሌላውን መኪና በድንጋይ ሰበረ፤ ድንጋዩ ድንኳኑ አጠገብ አረፈ።

ለባለቤቱ ስልክ ደወልኩ። አነሳ፣ አመሰግናለሁ። እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ ዴፖዚት ይዤባቸዋለሁ፤ የተሰበረ ዕቃ ካለ እቆርጥባቸዋለሁ።»

ይህን ንግግር ደግማችሁ አንብቡት። መያዣው ለሱ ብርጭቆና ለሱ ሶፋ ነው። የለቅሶኛው ሌሊት፣ የሽማግሌው ክብር፣ የሕፃናቱ እንቅልፍ በዚያ ዴፖዚት ውስጥ የሉም። ባለቤቱ ራሱን በደንብ ዋስትና አስገብቷል፤ ሰፈሩን ግን ያለ ዋስ ሜዳ ላይ ጥሎታል።

እኔ የንግድ ሥራ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የሂሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ገቢውን በራስህ መዝገብ ላይ ጽፈህ ወጪውን በጎረቤትህ መዝገብ ላይ መጻፍ አይቻልም። ይህ ትርፍ አይባልም፤ የሰው ገንዘብ ነው። ያ ቤት በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚያስገባው የዘበኛውን የወር ደመወዝ ያጥፋል። ወጪውን ማን ይከፍላል? ጠዋት ፋብሪካ የሚገባው ሠራተኛ በእንቅልፉ ይከፍላል። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ይከፍላል። ጠርሙስ ስባሪ ከበራፏ የምትጠርግ አሮጊት ትከፍላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘበኛው ይከፍላል፤ ሃያ አምስት የሰከረ ሰው እንዲያስቆም የሚጠበቀው እሱ ነው፤ ቢናገር ይሰደባል፣ ዝም ቢል ሰፈሩ ይረግመዋል፣ አንድ ዕቃ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። የቤቱን ኃላፊነት በሙሉ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ በሚያገኘው ሰው ጫንቃ ላይ አድርገን «ቢዝነስ» እንለዋለን።

«ያላደረግኩትን እንዴት እጠየቃለሁ?» የሚል አለ። ይህን የሚለው ነጋዴ ከሆነ ግን ይገርመኛል። እኛ እኮ በየቀኑ ሌላ ሰው ላደረገው የምንጠየቅ ሰዎች ነን። ዕቃ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ በትራንዚት ሲጓዝ ዋስትና ይያዝበታል፤ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ጉምሩክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋስትናውን ያስያዘውን ነው፤ «ሾፌሩ ነው» ማለት ከዕዳው አያድንም። አይሱዙ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ መኪናው ሰው ቢገጭ ተጎጂው የሚመጣው ወደ ባለንብረቱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2077 ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት የሕንፃውን ባለቤት ይጠይቃል። ቁጥር 1225 ደግሞ ባለሀብት ጎረቤቱን የሚያውክ ነገር ማድረግ እንደሌለበት፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ እንዳያወጣ ይከለክላል።

እነዚህ ቁጥሮች ስለ ቅዳሜና እሁድ ተከራይ ቃል በቃል አይናገሩም፤ ሕጉ ሲወጣ እንዲህ ያለ ንግድ አልነበረም። መንፈሱ ግን ግልጽ ነው። ከአንድ ነገር የሚጠቀም ሰው ነገሩ ለሚያደርሰው ጉዳት ይመልሳል። ላም ጎመን ብትበላ ባለላሙ ይከፍላል። ታዲያ በገንዘብ ያስገባነው ሰው ሰፈር ሲያምስ ከላም ባለቤት ያነሰ ኃላፊነት አለብን ማለት ነው?

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አንድ አስተማሪ አንድ ክፍል ለመኖሪያ ሲከራይ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ይጠበቃል። ሥርዓት ነው፤ ጥሩ ነው። ለሁለት ሌሊት ቪላ ለሚወስዱ ሃያ አምስት የማይታወቁ ሰዎች ግን ያለው ውል በስልክ የተላከ የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። ሰፈሩን ሊያሳምረው የመጣው አስተማሪ ይመዘገባል፤ ሊያምሰው የመጣው አይመዘገብም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ፤ ከጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር የሰማኋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው «ለፖሊስ ደውሉ» የሚል ነው። እንደውላለን። ፖሊስ ሲመጣ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሲሄድ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ተከራይ ደግሞ ሌላ ነው፤ የባለፈውን ማስጠንቀቂያ አልሰማም። ፖሊስ በየሳምንቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከሳምንት ሳምንት የማይለወጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ነው። ማስጠንቀቂያ ትርጉም የሚኖረው ለሚያስታውስ ሰው ሲሰጥ ነው።

ሁለተኛው «ከተማዋ የምትበላው ከእንግዳ ነው፤ እንግዳ አታባርሩ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ከተማዋ ከእንግዳ ትበላለች። ነገር ግን አስቡት። ሰው ከአዲስ አበባ ጫጫታ ሸሽቶ 45 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ምን ሊገዛ ነው? ጸጥታና ሐይቅ ነው። ጸጥታውን ካጠፋነው ዕቃችንን አጠፋነው። ከሐይቆቹም አንዳንዶቹ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ሌሊት ሰክሮ ሊዋኝ ለሚገባ ሰው ምሕረት የላቸውም። ሥርዓት የምንለው እንግዳውን ራሱንም ለማዳን ነው። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይባላል። ሰፈራችንን እኛው ካቀለልነው መጪው ያከብርልናል ብለን እንዴት እንጠብቃለን?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በቅንነት ልመልሰው። «ይህ ሕግ ቢወጣ የሚጎዳው ትንሹ ሰው ነው። ሪዞርቱ ጠበቃ አለው። ጡረታዋን በአንዲት ቤት ኪራይ የምትደጉም መበለት ግን በአንድ ክፉ ጎረቤት ክስ ቤቷ ይታሸጋል። ለሹመኛም የጉቦ በር ይከፈታል።» ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። ስለዚህ ነው ደረጃ ያለው አሠራር የምፈልገው። ቅጣቱ ለረብሻው ሳይሆን ረብሻውን ላላስቆመ ባለቤት ይሁን። ስልኩን ያነሳ፣ በሰዓቱ ሰው የላከ፣ ተከራዩን ያስወጣ ሰው አይቀጣ። መበለቲቱ እኮ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ነው የምትኖረው፤ የሷ ተከራይ ሲጮህ እሷም አትተኛም፤ መጀመሪያ የምታስቆመው እሷ ናት። ደንቡ የሚከብደው ናይሮቢ ወይም ዱባይ ተቀምጦ ገቢውን ብቻ ለሚቆጥረው ነው። ሊከብደውም ይገባል።

አራተኛው «እኔ ሩቅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ሩቅ ሆነን ሱቅ እናስተዳድራለን። ሩቅ ሆነን ኮንቴነር እናስለቅቃለን። ሞያሌ ላይ የቆመ መኪና ችግር ሲገጥመው ሌሊት 9 ሰዓት ስልክ እናነሳለን። ርቀት ምክንያት የሚሆነው ለጎረቤት ሲሆን ብቻ ነው እንዴ?

ጎረቤት አገር ኬንያን የምታውቁ፣ ሞምባሳና ዲያኒ የታኅሣሥ ሰሞን ምን እንደሚመስል አይታችኋል። ከናይሮቢ ሰው በባቡር ይወርዳል፤ አፓርታማው ሁሉ የቀን ኪራይ ይሆናል። እዚያም ችግሩ አለ፤ ገነት ናት አልልም። ነገር ግን የሚጨበጥ ነገር አላቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የድምፅ ብክለት ደንባቸው በመኖሪያ ሰፈር የሌሊቱን ድምፅ በ35 ዴሲቤል ይገድባል፤ ሌሊቱ የሚጀምረውም ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የቱሪዝም ሕጋቸው እንግዳ የሚያሳድር ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ናይሮቢ ውስጥ በአጭር ጊዜ ኪራይ ቤቶች ሴቶች ተገድለው ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ «የቤቱ ባለቤት ማን እንደገባ ያውቅ ነበር?» የሚል ሆነ፤ መንግሥትም እነዚህ ቤቶች እንዲመዘገቡ ጫና ማድረግ ጀመረ። ጥያቄው ደም ከፈሰሰ በኋላ መነሳቱ ነው የሚያሳዝነው። እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።

እኛም ጋ መሣሪያው አለ። አዋጅ 980/2008 ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። አዋጅ 300/1995 የአካባቢ ብክለትን ይቆጣጠራል፤ ድምፅም በውስጡ አለ። የጎደለው እነዚህን አንድ ላይ አስሮ «የቀን ኪራይ ቤት ባለቤት ኃላፊነቱ ይህ ነው» የሚል የከተማ አስተዳደር ደንብ ነው። ደንቡ ውስጥ ቢገባ የምለው ይህ ነው፦

1. በቀን የሚከራይ መኖሪያ ቤት ሁሉ ይመዝገብ። የባለቤቱ ወይም የወኪሉ ስልክ ለቀበሌውና ለዕድሩ ይሰጥ። ወኪሉ እዚያው ከተማ የሚኖር፣ ስልኩ ሌሊትም የሚሠራ ሰው ይሁን። ዘበኛው ወኪል አይደለም።

2. ከእያንዳንዱ ተከራይ ጋር አንድ ገጽ የጽሑፍ ውል ይኑር። ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ስንት መኪና እንደሚገባ፣ ውጭ የሚተከል ድምፅ ማጉያ እንደሌለ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ጭፈራ እንደማይኖር ይጻፍ። የመታወቂያ ቅጂ ይያዝ።

3. ባለቤቱ ከሚይዘው ዴፖዚት የተወሰነው ለሰፈሩ ይሁን። ረብሻ ከተረጋገጠ ያ ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ኪስ ሳይሆን ወደ ዕድሩ ይግባ፤ ለተሰበረ አጥር፣ ለጽዳት፣ ለጥበቃ ይዋል።

4. አቤቱታ በአንድ ሰው አፍ ብቻ አይጽና። ቢያንስ የሦስት የተለያዩ ቤቶች አባወራዎች ወይም እማወራዎች ይፈርሙ፤ ቀንና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ባለቤቱ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ያግኝ። ይህ ክፉ ጎረቤትንም ሆነ ጉቦ ፈላጊን ያስታግሳል።

5. ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛው የገንዘብ ቅጣት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ከሆነ ቤቱ ለአንድ የበዓል ሰሞን በቀን እንዳይከራይ መታገድ። በወር ወይም በዓመት ማከራየት ይችላል፤ ቤቱን አንወርስበትም።

6. ደላላውም ከነገሩ አይውጣ። ኮሚሽን የተቀበለ ሰው ለማን እንዳገናኘ ይመዝግብ። ሁለት ጊዜ የረበሸ ቡድን ይዞ የመጣ ደላላ በከተማዋ አይሥራ።

ይህ ከባድ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ካርቶን ጫማ ድንበር ለማሻገር የምንሞላውን ወረቀት አስታውሱ። ከዚያ አይበልጥም።

ደንቡ እስኪወጣ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህን ለምታነቡ ለኛ ለነጋዴዎች ነው የምለው። ቢሾፍቱ ውስጥ ካሉት የቀን ኪራይ ቤቶች የስንቱ ባለቤት የኛው ሰው እንደሆነ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። በሰው አገር ስንኖር ስማችን እንዳይጎድፍ እንጠነቀቃለን። ኢስሊ ውስጥ የአንዱ አበሻ ዕዳ የሁሉም ዕዳ ተደርጎ እንደሚታይ ስለምናውቅ አንዱ ሲያጠፋ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይገሥጸዋል። ይህን ጥንቃቄ በስደት አገር ይዘን በገዛ አገራችን የምንጥለው ለምንድን ነው? ቢሾፍቱ ያለው ጎረቤት ከኬንያዊው ጎረቤት ያነሰ ነው?

ዕድሩን ደግሞ አትርሱ። ብዙዎቻችሁ በሌላችሁበት ወላጆቻችሁን የሚቀብረው፣ ቤታችሁ ቢዘረፍ መጀመሪያ የሚጮኸው ያ ሰፈር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም። ወርሃዊ መዋጮ በስልክ መላክ አባል አያደርግም፤ አባል የሚያደርገው ስትጠራ መገኘት ነው። ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት የሚደወልላችሁ ስልክ ማለት ዕድሩ ሲጠራችሁ ማለት ነው።

ከተማዋ ከዚህም በላይ ትሰፋለች። አጠገቧ ትልቅ አዲስ አየር ማረፊያ ለመሥራት ታቅዷል፤ እንግዳው ዛሬ ከምናየው በብዙ ይጨምራል። ሥርዓቱን ዛሬ ካልያዝነው ነገ የሚይዘው ሌላ ነው፤ ያኔ እኛን ሳያማክር የቀን ኪራይን ጨርሶ ሊከለክል ይችላል። ራሱን በራሱ ያልገራ ንግድ መጨረሻው ይኸው ነው፤ በድንበር ንግዳችን ላይ ስንቴ አይተነዋል።

ጥር እየመጣ ነው። ሠርጉም ይመጣል፣ ጥምቀቱም ይመጣል፣ ደላላውም ይደውላል። የሚቀጥለውን ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ግራና ቀኝ ላሉት ጎረቤቶቻችሁ ደውሉና «ይህ የኔ ስልክ ነው፤ እንግዶቼ ካስቸገሩ በማንኛውም ሰዓት ደውሉ፣ አነሳለሁ» በሏቸው። ይህን ለማለት የሚከብደው ሰው ካለ፣ ቤቱን ለቀን ኪራይ ለማዋል ገና ዝግጁ አይደለም፤ ለአስተማሪው ያከራይ።